ከምድር ቤት የታየ ጉማ

በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚገኙት ከተሞች መካከል ሄርንደን በአገራችን ሰዎች አንደበት ብዙ የምትነሳ አይደለችም። ሠርጉም፣ ልቅሶውም፣ ስብሰባውም፣ ክርክሩም ያለው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ነው። እኛን የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ አምጥቶ ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ጣለን። የምንኖረው፣ «እማማ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ባከራዩን ምድር ቤት ውስጥ አምስት ሆነን ነው። መስኮታችን ከመሬት እኩል በመሆኑ የአላፊ አግዳሚው ጫማ እንጂ ፊቱ አይታየንም፤ ከጣራችን በላይ ግን ሰማዩ ሁሉ የአውሮፕላን መንገድ ነው። ከነዚያ አውሮፕላኖች አንዱ ጅራቱ በሦስቱ ቀለማት የተዋበው ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ድምፁን ከሌሎቹ ለይተን እናውቃለን ብለን የምንከራከር ሰዎች ነን። እንደማንለየው ልባችን ያውቃል፤ ሆኖም ክርክሩን አላቆምንም።

ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ዊልያም ሉዊስ ሄርንደን ከሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ይህ ሰው በ1857 የሚያዛት መርከብ በማዕበል ስትመታ ሴቶችንና ሕፃናትን በጀልባ አስወጥቶ እሱ ራሱ ከመርከቢቱ ጋር ሰጥሟል። የሰጠመ መርከብ አዛዥ ስም በተሰጣት ከተማ የሚኖር ስደተኛ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ባገኙት ነገር ሁሉ ላይ ምሳሌ መፈለግ የተማሪ በሽታ ነውና እዚህ ላይ እንተወው።

ከአምስታችን አራቱ ተማሪዎች ነን። አምስተኛው ተማሪ አይደለም። ዕድሜው ከእኛ በዐሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጥ «ጋሼ» እንለዋለን፤ በአዲስ አበባ የፊልም ድምፅ ባለሙያ ነበር፤ እዚህ በአውሮፕላን ማረፊያው በተሽከርካሪ ወንበር መንገደኛ ይገፋል። ስለ እሱ ኋላ እንመጣበታለን፤ መምጣታችንም ስለማይቀር ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርነው።

በየዓመቱ አንድ ልማድ አለን። የጉማ የፊልም ሽልማት ሲካሄድ ተሰብስበን ሥርጭቱን በኢንተርኔት እንከታተላለን። በአዲስ አበባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን በሄርንደን፣ በብርዱ ወራት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። እዚያ መብራቱ ተለኩሶ፣ ቀይ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ተዋናዮቹ ሐር ለብሰው ሲገቡ፣ እኛ በካልሲና በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ሻይ እንጠጣለን። ለራሳችን የሰጠነው ምክንያት «የአገራችንን ኪነ ጥበብ በሂሳዊ ዓይን መከታተል» የሚል ነበር። ከእኛም አንዱ ማስታወሻ ይይዛል። እውነቱን ለመናገር ግን የማስታወሻው ደብተር ከሞላ ጎደል የፌዝ መዝገብ ነበር። የማንኛዋ ቀሚስ ረዘመ፣ የማንኛው ንግግር አሰለቸ፣ የትኛው ፊልም የማንን የውጭ አገር ፊልም ገለበጠ፤ ሁሉም በቀንና በሰዓት ተጽፏል።

ለመሆኑ ሽልማት ምንድን ነው? የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ለሆነው ወገናችን ጥያቄው ቀላል አይደለም። በአገራችን ሹመትና ሽልማት ተለያይተው አያውቁም ነበር። ጋሻም ሆነ ካባ፣ ርስትም ሆነ የራስ ወርቅ፣ የሚሰጠው ከላይ ነው፤ ተሸላሚውም የሚሸለመው ሥራው ስለተመዘነ ብቻ ሳይሆን ሰጪው ሰጪ መሆኑ እንዲታወቅ ጭምር ነው። ይህ ልማድ ዘመናዊ ልብስ ለብሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ውስጥ ቀጠለ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1964፣ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና የ29 ዓመት ወጣት ሳለ በ1966 የተሸለሙት በዚሁ ድርጅት ነው። (ዓመታቱን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይታዘበን ይሆናል፤ መቼ እንደ ጀመርነው አናውቅም፤ ስደት ከሰው የሚወስደው መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን ነው መሰል።) ተሸላሚዎቹ አይገባቸውም ነበር የሚል የለም። ግን የሰጪው ስምና የዙፋኑ ስም አንድ ነበር።

ጉማ ከዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በ2014 የተጀመረው በፊልም ባለሙያው በዮናስ ብርሃነ መዋ አነሳሽነት ነው፤ ማለትም ዙፋንም ሚኒስቴርም ሳይሆን ከሙያው ውስጥ የወጣ ሰው «እኛው ለእኛው እንመዝን» ብሎ የጀመረው ነው። ከእኛ መካከል ይህን ነጥብ አጥብቆ የያዘ አለ። ሌላው ደግሞ «ባለሙያ ባለሙያን ሲሸልም ዝምድና ይገባበታል» ይላል። የፊተኛው ሲመልስ፣ «ዝምድና ያልገባበት ምን አለን? ቢያንስ ይህኛው የሚታማው በስሙ ነው» ይላል። እኛም የዝምድናውን ማስረጃ ለማየት ብለን ሌላ ዓመት እንጠብቃለን።

ስሙ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጉማ በኦሮሞ ባህል የደም ካሳ ነው፤ ሰው የገደለ ወገን ደሙ በደም እንዳይመለስ፣ በሽማግሌ ፊት የሚከፍለውና ዕርቅ የሚወርድበት ሥርዓት። ሽልማቱ ይህን ስም የወሰደው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሚሼል ፓፓታኪስ ካዘጋጀው «ጉማ» ከተባለው ፊልም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ አጋማሽ «ሂሩት አባቷ ማነው?» በጥቁርና ነጭ ተሠርቶ ነበር። ሁለቱን ከጠቀስን በኋላ ዝርዝሩ ብዙም አይረዝምም፤ የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በደርግ ዘመን ተቋቋመ፣ የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ታየ፣ ኮርፖሬሽኑም ቆይቶ ተዘጋ። ከዚያ ያለ መንግሥት ገንዘብ፣ ያለ ፊልም ትምህርት ቤት፣ በቪዲዮ ካሜራ የሚሠሩ ሰዎች መጡ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በታየበት ዘመን በሲኒማ በር የነበረውን ሰልፍ በልጅነታችን ያየነው ነን። ሰልፉ ውስጥ የነበርነው እኛ ነን፤ ኋላ በፊልሙ ድምፅና መብራት የሳቅነውም እኛው ነን።

ከእኛ መካከል አፍ የፈታው በኦሮምኛ የሆነው ወንድማችን አንድ ዓመት ላይ እንዲህ አለን፦ «እናንተ ጉማ ሲባል ዋንጫ ነው የሚታያችሁ። እኛ ቤት ጉማ ሲባል ሰዉ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።» ያን ቀን ማስታወሻ ያዡ ይህን ጻፈው። በደብተሩ ውስጥ ካሉት ጥቂት ቁም ነገሮች አንዱ ነው።

በጉማ መድረክ ስማቸው ከተጠራ ፊልሞች የቅድስት ይልማን «ረቡኒ» ከእኛ መካከል ሁለቱ ወደውታል፤ ሁለቱ ተሰላችተውበታል። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ግን ሁላችንንም ዝም አሰኝቶናል። ታሪኩ የሚፈጸመው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ በዚያን ዘመን ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ፍርድ ወደሚገኝበት ድረስ አብረው ይጓዛሉ። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይተኛሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይወድቃል። በአገራችን ቋንቋ «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከሕግ ወጥቶ ወደ ኑሮ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአልጋ ቁራኛ እንላለን፣ የዕዳ ቁራኛ እንላለን። ፊልሙን አይተን ስንጨርስ አንዱ፣ «ለመሆኑ እኛና አገራችን ከሳሹ ማን ነው ተከሳሹ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለስብሰባ የሚያምር ዓይነት ስለነበር ማንም አልመለሰለትም።

ስለ ፊልም ሽልማት ሲነሳ ከዚህ ከዋሽንግተን ሆኖ ኃይሌ ገሪማን አለማንሳት አይቻልም። በጎንደር ተወልዶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ መጥቶ፣ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረፀው በ1974፣ ዘውዱ ሊወርድ በተቃረበበት ጊዜ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው፤ ገበሬው ገበሬን ሆኖ የተጫወተበት ሥራ ነው። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲሠራ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ በማጣቱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳይቶታል። ያንኑ ስም የያዘው መጻሕፍት ቤቱ በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሐዋርድ ፊት ለፊት ይገኛል። የምድር ባቡሩ «ሲልቨር» መስመር በ2022 ሄርንደን ከደረሰ በኋላ አንድ ቅዳሜ ተነስተን፣ ላንፋንት ፕላዛ ላይ ወደ አረንጓዴው መስመር ተሻግረን፣ ወደዚያ ሄደን ነበር። ቡና ጠጥተን፣ መጽሐፍ ገልጠን፣ ዋጋውን አይተን መለስነው። ከግድግዳው ላይ ያለውን «ጤዛ» የተባለውን የፊልም ማስታወቂያ ግን ለረጅም ጊዜ ቆመን አየነው።

«ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት፣ የየነንጋን የወርቅ ፈረስ ወስዷል። እኛ የምንፈራው ፊልም ነው። ፍርሃታችን ከጥበቡ ሳይሆን ከታሪኩ ነው። አንበርብር የተባለው ሰው በጀርመን አገር ሕክምና ያጠና፣ እንደ እኛው በተማሪ ስብሰባ ያደረ፣ እንደ እኛው «ስንመለስ» የሚለውን ቃል በየዐረፍተ ነገሩ የሚጨምር ሰው ነው። ተመለሰ፤ ደርግ ጠበቀው። ኋላም በምሥራቅ ጀርመን ቆዳውን የጠሉ ወጣቶች ደብድበው አካሉን አጎደሉት። በመጨረሻ ወደ ጣና ዳር፣ ወደ እናቱ መንደር፣ አንድ እግሩን አጥቶ ይመጣል። ሰዉ ሁሉ ከተማረ ልጅ መልስ ይጠብቃል፤ እሱ መልስ የለውም። የማትጠይቀው እናቱ ብቻ ናት።

ፊልሙን በምድር ቤታችን ሁለት ጊዜ አይተነዋል። በሁለተኛው ጊዜ እናቲቱ ስትወጣ ጋሼ ተነስቶ ወደ ኩሽና ሄዶ ዕቃ ማጠብ ጀመረ። ዕቃው ታጥቦ ነበር። እኛ ይህን ልብ አላልነውም፤ ልብ ያላልነው ስለ አንበርብር ርዕዮተ ዓለማዊ ውዥንብር እየተከራከርን ስለነበርን ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ጋሼ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻ ሥራው የአንድ ፊልም ድምፅ ነበር። የፊልሙን ስም አንጽፍም፤ እሱ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀን ነው። ድምፁን ቀርጾ፣ አስተካክሎ፣ ሠርቶ ጨርሶ ወጣ። እሱ ከወጣ በኋላ ፊልሙ ለዕይታ ሲበቃ በመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ የእሱ ስም አልነበረም፤ በቦታው የሌላ ሰው ስም ገብቷል። ያስገባው ፕሮዲዩሰሩ ነው። «ከአገር የወጣ ሰው ስም ነገር ያመጣል» ብሎ ፈርቶ ይሁን፣ ወይም ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ስለነበረ ይሁን፣ ጋሼ አልነገረንም። ቀሪ ሒሳብ እንደ ነበረ ግን እናውቃለን። «ለምን አትከስም? ለምን አትጽፍም?» ስንለው፣ «ተውት እባካችሁ፣ ድምፅ ስም የለውም» ብሎ ያልፈናል። እኛ ይህን እንደ ጥሩ አባባል ቆጥረን ማስታወሻው ላይ ጻፍነው። ሰውየው የመረረው ነገር መሆኑ አልታየንም።

ያ ፊልም ከዓመቱ ዕጩዎች መካከል ገባ። የጉማ ዕለት ጋሼ የሥራ ተራ ነበረው። ሥራውን በአጭሩ እንግለጽ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ሲያርፍ፣ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ እናቶች በተሽከርካሪ ወንበር ይወርዳሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ መራመድ አቅቷቸው አይደለም፤ ቋንቋው ስለሚያስጨንቃቸውና መንገዱ ስለሚጠፋቸው ልጆቻቸው ወንበሩን ያዙላቸዋል። ጋሼ «እንኳን ደህና መጡ እናቴ» ብሎ በአማርኛ ሲቀበላቸው አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዶቹ ከከረጢታቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ያሸክሙታል። ምድር ቤታችን ዳቦ ቆሎ ጠፍቶበት አያውቅም።

በዚያን ዕለት ማለዳ ጫማውን እያሰረ፣ «ስታዩ ድምፁን ከፍ አድርጉት» አለን። «እሺ ጋሼ» አልነው። በሩ ላይ ቆም ብሎ ደግሞ፣ «የፊልሙ ቁራጭ ሲታይ ማለቴ ነው» አለ። ደግመን እሺ አልነው። እማማ ከላይ ወርደው፣ «ልጄ ጓንት ሳታደርግ» ብለው ጮኹበት፤ ሄደ።

ሥርጭቱ ዘግይቶ ጀመረ። አንዳችን የተለመደውን ቧልት ከፈተ፤ ቀይ ምንጣፉ ላይ ስለቆመች አንዲት ተዋናይ ጫማ የተባለውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ንግግሮቹ ረዘሙ። የሞቱ ባለሙያዎች ሲታሰቡ ጸጥ አልን፤ ይህን ለክብራችን እንቁጠረው። ከዚያ የዕጩ ፊልሞቹ ቁራጮች በየተራ መታየት ጀመሩ። የጋሼ ፊልም ሦስተኛ ነበር። አንዲት ሴት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ትይዛለች፤ ብዙ ነገር አይሆንም፤ ሩቡ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የፖለቲካ ሳይንሱ ተማሪ፣ ማለትም ይህን ብዕር የያዘው እጅ ባለቤት፣ በዚያች ቅጽበት ይናገር ነበር። የአገራችን ፊልም ለምን ሁልጊዜ ደብዳቤ እንደሚወድ፣ ደብዳቤ በሌለበት ዘመን ደብዳቤ ማሳየት የምን ዓይነት የኅሊና መዘግየት እንደሆነ እያብራራ ነበር። ሌሎቹ ይስቁ ነበር። ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም።

ሽልማቱን ሌላ ፊልም ወሰደ። ሻያችንን ጨርሰን ወደየጥናታችን ተበታተንን።

ጋሼ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ «ሰማችሁት?» አለ።

«አላሸነፈም ጋሼ። ግን ከዕጩዎቹ—»

«እሱን አይደለም። ሰማችሁት ወይ ነው ያልኳችሁ።»

እርስ በርሳችን ተያየን። በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ የሚባል ነገር እንደ ነበር ከቀደሙት ተማሪዎች ጽሑፍ አንብበናል፤ ሰው ተነስቶ ጥፋቱን በአደባባይ ይዘረዝራል። ያን ዕለት ማንም ምንም አልዘረዘረም። ከእኛ አንዱ ብቻ፣ «ስናወራ አለፈን» አለ።

ጋሼ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የነገረን በአጭሩ ይህ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያ ክፍል ሲቀረፅ ቤቱ ዝም ያለ ነበር። ሲያቀናብር ግን ዝምታው የቤት ዝምታ አልሆነለትም፤ ሰው የማይኖርበት ዝምታ ሆነበት። አንድ ጧት መቅረጫውን ይዞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እናቱ ጓዳ ውስጥ ቡና ይወቅጣሉ። በሩ ላይ ቆሞ ሙቀጫና ዘነዘናውን ቀረፀ። በመሐሉ እናቱ ዘነዘናውን አቆሙና፣ «ምን ትገተራለህ፣ ግባ እንጂ» አሉት፤ መልሰው መውቀጥ ቀጠሉ። ያን ድምፅ ወስዶ ከሴትየዋና ከደብዳቤዋ በስተጀርባ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ አድርጎ አስገባው። የእናቱ ቃል ግን ለታሪኩ ስለማይሆን ቆረጠው፤ በቦታው የክፍሉን ጸጥታ ተካበት።

«ቆርጬ ጣልኩት» አለ። «ሥራ ነዋ። ያልተቆረጠው ቅጂ ፕሮዲዩሰሩ ዘንድ ቀረ። አሁን ይኑር ይጥፋ አላውቅም፤ ደውዬ ብጠይቅ ደግሞ ሒሳብ ፍለጋ የመጣሁ ይመስለዋል።»

እናቱ ማረፋቸውን እናውቅ ነበር። ባለፈው ዓመት መርዶውን ያረዱት እማማ ናቸው፤ ለቅሶውም የተለቀሰው በዚሁ ምድር ቤት ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ስለ ነበር ለቀብር መሄድ አልቻለም፤ ቢወጣ መመለሻ የለውም። ሣልስቱ ሲወጣ ወደ ሥራው ተመልሶ የሰው እናቶችን ይገፋ ጀመር። እኛም በዚያን ሰሞን የተለመደውን አደረግን፤ ምግብ ሠራን፣ ገንዘብ አዋጣን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች መጡ፣ ሄዱ። ከእናቱ በዓለም ላይ የቀረው ድምፅ በአንድ የሰው ፊልም ውስጥ፣ ስሙ በሌለበት፣ ከአንዲት ሴት ጀርባ እንዳለ ግን ማንም አልነገረንም። እኛም ከእሱ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ፊልም ስንከራከር ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቀነው አናውቅም ነበር። የሸለምነው «ጋሼ» የሚል ስም ብቻ ነው።

ፊልሙን ራሱን ፈለግን። በሕጋዊ መንገድ ከአገር ውጭ የሚገኝበት ቦታ አላገኘንም፤ በሕገ ወጥ መንገድም አላገኘንም፤ ይህን ስንጽፍ የጋሼን ፊት እያሰብን ነው፤ የሙያ ጓደኞቹን እንጀራ ሰርቀን ልናጽናናው አስበን ነበር ማለት ነው። የሽልማቱ ሥርጭት ሙሉ ቅጂ ግን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተጫነ። የአራት ሰዓት ያህል ርዝመት አለው። ማስታወሻ ያዡ ደብተሩን ከፍቶ፣ «ደብዳቤ — የኅሊና መዘግየት — ሳቅ» የሚለውን መስመርና አጠገቡ የጻፈውን ሰዓት አገኘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሩ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ጋሼን ጠራነው። የማዳመጫ መሣሪያ ከአንደኛው ተማሪ፣ ደህና ድምፅ ማጉያ ከእማማ ተዋስን፤ እማማም የመጣው ነገር ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ወርደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ማዳመጫውን አልፈለገም፤ «ሁላችሁም ስሙት» አለ።

ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ደብዳቤውን ይዛለች። የአዳራሹ ሳልና ሹክሹክታ በላዩ አለ። ከሥሩ፣ ከሩቅ፣ ዘነዘናው ይሰማል። ቆጠርነው። ሰባት ጊዜ ይመታል፤ ያቆማል፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ይመታና ቁራጩ ያልቃል። አዳራሹ ያጨበጭባል።

«እንደገና» አሉ እማማ።

እንደገና ከፈትነው። ሰባተኛው ምት አልፎ ጸጥታው ሲመጣ ጋሼ ጣቱን አነሳ።

«እዚህ ላይ ነው ግባ ያለችኝ» አለ።